ኮምፓይለሩ ዝም ባለ ጊዜ

ኮምፒዩተር አይሳሳትም የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ናቸው። ነክተን የምናውቀው ደግሞ ይሳሳታል ብለን እንሳደባለን፤ ስድባችንም ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ ነው። እኔ በዚህ ዕቃ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከሁለቱም ይለያል። የኔ ቅሬታ መናገር ሲገባው ዝም ማለቱ ነው። ዝም የሚል ሰው ስንት ቤት እንዳመሰ ሁላችንም እናውቃለን። ዝም የሚል ማሽን ምን እንደሚያደርግ ግን አደባባይ ወጥቶ የተናገረ ሰው የለም፤ እንግዲህ እኔ ልናገር። ወላይታ ሶዶ ላይ ሁለት የተከበሩ ሰዎችን ለሁለት ዓመት ሲያኳርፍ ዓይኔ አይቷል።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ከተማችን ከመግባቱ በፊት ነው። ያኔ ሶዶ ውስጥ ኮምፒዩተር ያለበት ክፍል ከሩቅ የሚታወቀው በመጋረጃው ነበር። አቧራ እንዳይገባ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀላል፤ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ማሽኑ ራሱ ጥልፍ ጨርቅ ይለብሳል። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ በሁለት እጅ ይነሣና «ይኼ ነው» ይባላል። እንግዳው ራሱን ነቅንቆ፣ ምንም ሳይነካ፣ ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ስንት ኮምፒዩተር አለፈብኝ፤ ሁሉም ተደምረው የዚያን የአንዱን ያህል ክብር አላገኙም። ዛሬ ኪሴ ውስጥ የያዝኩት ስልክ ከሱ መቶ እጥፍ ይበልጣል ይሉኛል። ይሆናል። ግን ለስልኬ ጫማ አውልቄ አላውቅም።

እኔ በስታትስቲክስ ተመርቄ ስመለስ የተመደብኩት ስሙን በማልጠራው አንድ የግብርና ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ሥራችን ከየወረዳው የዝናብ ልክ እየሰበሰብን፣ የአፈሩን ጠባይ እያየን፣ በልግ ሲቃረብ ለየወረዳው ገበሬ «በቆሎ በዚህ ሳምንት ዝሩ» የሚል ደብዳቤ መላክ ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት በደንብ አልገባትም መሰለኝ፣ ለጎረቤት ሁሉ «ማርታ ዝናብ የሚታዘዝበት ቢሮ ገባች» ብላ አስወራች። ከዚያ በኋላ ሰማዩ በዘገየ ቁጥር የሰፈራችን ሴቶች እኔን የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ።

የመዝሪያውን ሳምንት የሚያሰላው ፕሮግራም የተጻፈው ፎርትራን በሚባል ቋንቋ ነበር። ፎርትራን ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ለስሌት ብቻ የተፈጠረ፣ ጨዋታ የማያውቅ ቋንቋ ነው። እኛ የምንጽፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ነገር የሚለውጥ ኮምፓይለር የሚባል አስተርጓሚ አለ። አስተርጓሚ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በሶዶ ቢሮዎች አስተርጓሚ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ገበሬው በወላይትኛ ሩብ ሰዓት ይናገራል፣ አስተርጓሚው «ተስማምቷል» ይላል፣ ያበቃል። ኮምፓይለርም እንዲህ ያለ ዓመል አለው።

ፕሮግራሙን የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጋሽ ዳና፣ የአፈር ባለሙያ፣ የጉኑኖ ተወላጅ፣ ረጅም ሰው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚዘምሩ፣ ሲስቁ ሳቃቸው ግቢው በር ድረስ የሚሰማ። ሁለተኛው ጋሽ ገብረመስቀል፣ የዝናብና የአየር ጠባይ ባለሙያ፣ ተበላ ያደጉ፤ አጠር ያሉ፣ ቁጥብ፣ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ የማይለይ። ሁለቱ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። አዲስ አበባ ለሥልጠና አብረው ተልከው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ፎርትራንን ከአንድ መጽሐፍ ተማሩ። ሶዶ ሲመለሱም ምሳ የሚበሉት አንድ ላይ ነበር። ጋሽ ገብረመስቀል ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ፣ ጋሽ ዳና ጾም የሌለባቸው ፕሮቴስታንት ሆነው ሳሉ፣ በነዚያ ቀናት ለጓደኛቸው ሲሉ ሽሮ ያዝዙ ነበር። ይህን የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጋሽ ዳና አንድ ዓርብ ብቻቸውን ገብተው ጥብስ ያዘዙ ዕለት፣ ጸቡ ከባድ መሆኑን ከተማው ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

እኔ ቢሮው ስገባ ይህ ሁሉ አልፏል። ያገኘኋቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ዳና ወደ ግድግዳው እያዩ፣ «ማርታ፣ የዝናቡን ፋይል እንዲሰጡኝ ለአቶ ገብረመስቀል ንገሪልኝ» አሉኝ። ዞር ብዬ ነገርኩ። ጋሽ ገብረመስቀልም ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ፋይሉ ዲስኬቱ ላይ እንዳለ ለአቶ ዳና ንገሪልኝ» አሉ። እሱንም ዞሬ ነገርኩ። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ትምህርት ለዚህ ሥራ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ መድገሙን ትቼ አንገቴን ብቻ ካንዱ ወደ ሌላው ማዞር ጀመርኩ፤ ያም በቂ ሆኖ ተገኘ።

የጸቡን ምክንያት በተመለከተ ከተማው ብዙ ሐሳብ ነበረው። አንዱ ሃይማኖት ነው አለ። ሌላው ዕድገት ነው አለ። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ስለነበር፣ ግምገማ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ሂስ ሰንዝሮ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ስላለሁ በቀጥታ ጠየቅኩ። ጋሽ ዳና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቁጥሬን ይቀይርብኛል» አሉኝ። በሌላ ቀን ጋሽ ገብረመስቀልን ጠየቅኩ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው፣ አይተው፣ መልሰው፣ «ቁጥሬን ይቀይርብኛል» አሉኝ። ቃል በቃል አንድ ነው።

ቁጥሩ ምንድን ነው? አንባቢዬ ታገሱኝ፤ አጭር ነው።

ፎርትራን ውስጥ «ኮመን» የሚባል የጋራ ማስቀመጫ አለ። ሁለት ሰው የፕሮግራሙን ሁለት ክፍል ለየብቻ ሲጽፍ፣ ሁለቱም የሚፈልጉት ቁጥር እዚያ ይቀመጣል፤ ያም ያም ከዚያ ያነሣል። ጋሽ ዳና የአፈሩን ክፍል ጻፉ፤ ጋሽ ገብረመስቀል የዝናቡን። ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው አንድ ቁጥር ነበር፦ አፈሩ ስንት ሚሊ ሜትር ውኃ ይይዛል? አፈራቸው ለተለካ ወረዳዎች ልኩ ከፋይል ይነበባል። ላልተለካ ወረዳ ግን ፕሮግራሙ የሚነሣበት መነሻ ቁጥር ያስፈልጋል። ያኔ ያልተለካው የቢጠና አካባቢ ነበር።

ጋሽ ዳና የጉኑኖን አፈር አስበው በራሳቸው ክፍል መነሻውን መቶ ሃምሳ አደረጉ። ጋሽ ገብረመስቀል የተበላን አፈር አስበው በራሳቸው ክፍል ሰማንያ አደረጉ። እያንዳንዳቸው ይህ የኔ ድርሻ ነው ብለው ነው። አንዱ «ሌላው ይሞላዋል» ብሎ ቢተወው ኖሮ ምንም ባልሆነ። በዚህ አገር ቢሮ ውስጥ አንድን ሥራ ሁለት ሰው በትጋት ሲሠራው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያመጣውም መዘዝ ይኸው ነው።

ጋሽ ዳና ፕሮግራሙን ለቢጠና ሲያስኬዱ ወረቀቱ ላይ ሰማንያ ታትሞ ወጣ። ፋይላቸውን ከፈቱ፤ መቶ ሃምሳ ይላል። ዘጉ፣ እንደገና አስኬዱ፤ ሰማንያ። ጋሽ ገብረመስቀል ደግሞ በራሳቸው ቀን ሲያስኬዱ መቶ ሃምሳ ወጣባቸው፤ ፋይላቸው ግን ሰማንያ ይላል። ምን ይደረጋል? ጋሽ ዳና ዲስኬታቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። በማግስቱ አውጥተው አስኬዱ፤ ሰማንያ። እንግዲህ ምን ቀረ? ቁልፉን አስቀርጿል ማለት ነው።

ነገሩን ያከረረው ደግሞ ደብዳቤው ነው። በዚያው በልግ ኃላፊያችን ለስብሰባ ሲጣደፉ፣ ጋሽ ገብረመስቀል አስኪደው ገና ያላዩትን ወረቀት ከማተሚያው ላይ አንሥተው ወደ ቢጠና የሚሄደውን ደብዳቤ አስጻፉበት። ወረቀቱ የተሠራው በመቶ ሃምሳ ነው። አፈሩ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ በጊዜ ዝሩ የሚል ነው። ገበሬው በጊዜ ዘራ። ዝናቡ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ጠፋ። በቆሎው በቅሎ ደረቀ። ጋሽ ገብረመስቀል «በኔ ስም የሱ ቁጥር ወጣ» አሉ። ጋሽ ዳና «ወረቀቱን ያስኬደው እሱ፣ ስሙ የሱ፣ ጥፋቱን ወደኔ ይገፋል» አሉ። ከዚያ በኋላ ጥብሱ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ መስማማት ስላልቻሉ ለቢጠና ደብዳቤ ራሱ አልተላከም።

እኔ በገባሁበት ዓመት፣ በልግ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አዲስ ኮምፒዩተር መጣልን። ጥልፍ ጨርቁ ከአሮጌው ተገፎ ለአዲሱ ተሰጠ። ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ የማዛወር ሥራ ለኔ ተሰጠኝ፤ ከችሎታዬ ይልቅ ከሁለቱም ጋር የምነጋገር ብቸኛዋ ሰው በመሆኔ ነው። ሁለቱን ክፍሎች ገለበጥኩ፣ ለአዲሱ ኮምፓይለር ሰጠሁ፣ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ኮምፓይለሩ እምቢ አለ። በሱ ቋንቋ የጻፈው፣ በኛ ሲነገር፣ «ለአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ መነሻ ተሰጥቷል፤ በዚህ አልቀጥልም» የሚል ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አልገባኝም። ወደ ኃላፊያችን ሄጄ ማሽኑ ቅሬታ እንዳለው ነገርኳቸው። እሳቸው ቦርሳቸውን ይዘው ለመውጣት ቆመዋል።

«አሮጌው እንዲህ ያለ ቅሬታ ነበረው?» አሉኝ።

«አልነበረውም።»

«ታዲያ ይኼኛው ዝም ማሰኛ የለውም?»

ዝም ማሰኛ አለው። መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ቃል ብትጨምሩለት ቅሬታውን ውጦ አንዱን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። ኃላፊያችንም አዲሱ ማሽን ካለፈው ወር ጀምሮ ሥራ ላይ መሆኑን ሪፖርት አድርገው ስለነበር፣ ዝም አሰኝቼ እስከ ሰኞ እንዳደርስ አዘዙኝ። አዲስ ሠራተኛ ነኝ። ቅጥሬ ገና አልጸናም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ቃሏን ጻፍኳት። አንዲት ቁልፍ መምታት ነበር የቀረኝ።

ለምን እንዳልመታሁ ጀግና መስዬ ብናገር ደስ ባለኝ። ያገደኝ ግን መዝገብ ቤት ያነበብኩት አንድ ወረቀት ነው። የቢጠና ገበሬዎች ካቻምና የጻፉት ማመልከቻ ነበር፤ የደረቀው በቆሎ የስንት ቤት እንደሆነ በስም ተዘርዝሯል። ከስሞቹ አጠገብ ፊርማ የለም፤ የጣት አሻራ ነው። ዝም ባሰኘው ኮምፓይለሩ ከሁለቱ አንዱን ቁጥር ይመርጣል። የትኛውን? በምን? ይህን ሳላውቅ ቁልፏን መምታት አልቻልኩም። የጻፍኳትን ቃል አጠፋሁና ወደ አሮጌው ማሽን ሄድኩ።

እዚያ ግማሽ ቀን ቆየሁ። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ መቶ ሃምሳውንም ሰማንያውንም አየሁ። ማንም አልቀየረውም። ሁለቱም እንደተጻፉ አሉ። አሮጌው ኮምፓይለር ክፍሎቹን ሲያያይዝ፣ የጋራ ማስቀመጫው አንድ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተጠራው ፋይል ቁጥር ይገባበታል፤ ቀጥሎ የተጠራው ፋይል ቁጥር እዚያው ላይ ይጻፍበታል። የኋለኛው ያሸንፋል፤ የፊተኛው እንዳልነበረ ይሆናል። ትንፍሽ የሚል የለም። የቋንቋው ሕግ ራሱ መነሻ ቁጥር በአንድ ቦታ ብቻ ይሰጥ ይላል፤ ሁለት ቦታ የሰጠ ሰው ምን ይደርስበታል ለሚለው ግን መልስ የለውም። እያንዳንዱ ኮምፓይለር እንደ ፈቃዱ ነው። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያጉረመርማል፣ የኛው ዝም ይል ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ፋይሎቹን ሲጠሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አስቀድመው ነበር የሚጽፉት። ሰው ነው፤ የራሱን ስም ያስቀድማል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው ተሸናፊ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም አሮጌው ማሽን ዘንድ ጠራኋቸው። መጡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ በተለያየ ጥግ ቆሙ።

«ጋሽ ዳና፣ እባክዎ እንደ ወትሮው ያስኪዱት» አልኳቸው።

ተቀምጠው ጻፉ። የራሳቸው ፋይል፣ ከዚያ የጋሽ ገብረመስቀል። ሰማንያ ወጣ።

«አየሽ» አሉኝ።

«አይቻለሁ። ጋሽ ገብረመስቀል፣ እርስዎ ደግሞ።»

እሳቸውም ጻፉ። የራሳቸው፣ ከዚያ የጋሽ ዳና። መቶ ሃምሳ።

«አሁን ጋሽ ዳና፣ ምንም ሳይነኩ፣ የጋሽ ገብረመስቀልን አስቀድመው የራስዎን አስከትለው ይጥሩት።»

ትንሽ አመነቱ፤ የሰውየውን ስም ማስቀደም ከበዳቸው። ጻፉት። መቶ ሃምሳ ወጣ። ተነሡ። ጋሽ ገብረመስቀል ያለ እኔ ትእዛዝ ተቀምጠው የራሳቸውን አስከትለው ጠሩት። ሰማንያ። እንደገና ገለበጡት። መቶ ሃምሳ። አምስት ጊዜ ያህል አስኬዱት። ከዚያ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

በመጋረጃው ጠርዝ የዳሞታ ተራራ ጫፍ ይታያል፤ ጋሽ ዳና እሱን ይመለከታሉ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አሉ። ማንን እንደጠየቁ አልተናገሩም።

«በዚህ ወር ሁለት ዓመት ይሞላዋል» አሉ ጋሽ ገብረመስቀል።

እኔ አንገቴን ላዞር ነበር፤ አላስፈለገም።

«ቁልፌን አስቀርጿል ብዬ ለባለቤቴ ነግሬአታለሁ» አሉ ጋሽ ዳና።

«እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ይቅር በለው አሉኝ። እምቢ አልኩ።»

ጋሽ ዳና ያን ግቢ በር ድረስ የሚሰማ ሳቃቸውን ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ሳቁ አልወጣም። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ላጌ» አሉ፤ በወላይትኛ ጓደኛዬ ማለት ነው። ጋሽ ገብረመስቀል ወንበሩን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጧቸው። እኔ ሻይ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሻይ የሚባል ነገር በቢሯችን አካባቢ አይገኝም፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ስመለስ እየተጨቃጨቁ አገኘኋቸው። ለቢጠና ትክክለኛው መቶ ሃምሳ ነው ሰማንያ? ክርክሩ ካቆሙበት ቀጥሏል፤ ልዩነቱ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። እንዲህ ደስ የሚል ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ ሄደን እንቆፍር ተባለ። ይህን ካቻምና ማድረግ ይቻል ነበር ወይ? ይቻል ነበር። ግን አብሮ መቆፈር መነጋገር ይፈልጋል።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስታችን አካፋና የአፈር መሰርሰሪያ ይዘን በሚኒባስ ወደ ቢጠና ሄድን፤ የቀረውን በእግር። የምንቆፍርበት ማሳ የወይዘሮ አስቴር ነው። ስማቸውን ከማመልከቻው ላይ ነው ያገኘሁት፤ የመጀመሪያው አሻራ የሳቸው ነበር። ሴትዮዋ ደጃቸው ላይ ቆመው አካፋውን አዩ፣ እኛን አዩ። ጋሽ ዳና «አዬ» ብለው፣ እናቴ ማለት ነው፣ ከየት እንደመጣን በወላይትኛ አስረዱ። ወይዘሮ አስቴር እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የካቻምናውን ደብዳቤ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዳና።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ገብረመስቀል፤ በአንድ ጊዜ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዳቸው «እሱ ነው» ሲሉ የኖሩበትን ነገር። ወይዘሮ አስቴር አንዱን አይተው ሌላውን አዩ። ማንን እንደሚቆጡ የጠፋቸው ይመስለኛል። ወደ ቤት ገቡ። ያባረሩን መስሎኝ ነበር፤ እኛ ግን መቆፈሩን ቀጠልን። ሁለቱ ሰዎች ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ እየተቀባበሉ፣ ጉድጓዱን ከወገብ በላይ አወረዱት። ጋሽ ዳና አፈሩን በመዳፋቸው እያሹ፣ ጋሽ ገብረመስቀል እየመዘገቡ። አንዱ ሲናገር ሌላው ከመጨረሱ በፊት ይገባዋል። ፕሮግራሙን ሲጽፉም እንዲህ ነበሩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያን ጊዜ ባለማየቴ ቆጨኝ።

ስንጨርስ ወይዘሮ አስቴር የተቀቀለ ስኳር ድንች በሰፌድ፣ ዳታ የሚባለውን የወላይታ የበርበሬ ማባያ በትንሽ ሳህን አድርገው መጡ። የዳታው በርበሬ ሽታ ከሩቅ አፍንጫ ይነካል። አስቀመጡልንና በቆሎው ከደረቀ በኋላ ማሳውን ስኳር ድንች እንደተከሉበት ነገሩን።

«ደብዳቤያችሁ ያበቀለው ይኼን ነው» አሉ። «ብሉ።»

በላን። ከዚያ የበለጠ ተግሣጽ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ የበለጠ ስኳር ድንችም በልቼ አላውቅም። ረቡዕ ቢሆንም ምግቡ የጾም ስለሆነ ጋሽ ገብረመስቀልም ያለ ችግር በሉ። ጋሽ ዳና ሲነሡ ለሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ጋሽ ገብረመስቀልም ተከተሉ። ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን አወዛወዙና፣ ስንወጣ ለየእጃችን አንዳንድ ስኳር ድንች ጨመሩልን።

የአፈሩ ልክ መቶ አሥር ሆኖ ተገኘ። ከሁለቱም አይደለም። በሁለቱም ፊት ላይ እፎይታ አየሁ፤ አንዱም አላሸነፈም። ሶዶ ተመልሰን ቁጥሩን ከሁለቱም ፋይል አጠፋን፤ መነሻ ቁጥር ብቻ የሚቀመጥበት አንድ ለብቻው የሆነ ክፍል ከፈትን፤ እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍነው። ማን ይጻፈው የሚለው ሩብ ሰዓት ወሰደ፤ አንተ ጻፍ፣ የለም አንተ ጻፍ። በመጨረሻ እኔ ጻፍኩት። አዲሱ ኮምፓይለር ምንም ሳይል አሳለፈው። ይኼኛው ዝምታ ግን ሌላ ነው።

አሁን ያ ቢሮ የለም። ጋሽ ዳና ጡረታ ወጥተው ጉኑኖ ገብተዋል፤ ጋሽ ገብረመስቀል ሶዶ ናቸው፤ ስልክ ይደዋወላሉ። ሁለቱም ጆሯቸው ስለደከመ ቢሯችን ውስጥ በዝምታ የቆጠቡትን ድምፅ አሁን በጩኸት ይመልሱታል። እኔም ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋ ብዙ ፕሮግራም ጽፌአለሁ፤ ብዙዎቹን የት እንዳስቀመጥኳቸው አላስታውስም። የሁለቱን ሰዎች ጀርባ ግን፣ አንዱ ወደ ግድግዳ አንዱ ወደ መስኮት፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ደግሞ ከታረቁ በኋላ የመጀመሪያውን ዓርብ። ጋሽ ዳና ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመው «ሁለት ሽሮ» ብለው ሲያዙ፣ አስተናጋጇ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ደብዳቤውስ? ትሉኝ ይሆናል።

ደብዳቤው ከቢጠና በተመለስን በሦስተኛው ቀን ተጽፎ አለቀ። የቀረው የኃላፊያችን ፊርማና ክብ ማኅተም ነበር። ኃላፊያችን አዋሳ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ከአዋሳ ሲመለሱ የስብሰባው ማብራሪያ ስብሰባ ተጀመረ። ከዚያ ግምገማ መጣ። ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ቢጠና ሲደርስ፣ የወይዘሮ አስቴር በቆሎ ጉልበት ደርሷል። ሴትዮዋ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ሰማዩንና አፈሩን አይተው፣ እኛ ባሰላነው በዚያው ሳምንት ዘርተዋል። ጎረቤቶቻቸውም እሳቸውን አይተው ዘሩ።

በዓመቱ መጨረሻ የፕሮጀክቱ ሪፖርት በአዳራሽ ተነበበ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አስተካክለው «ጠንካራ ጎኖች» ወደሚለው ክፍል ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ለቢጠና አካባቢ አርሶ አደሮች የተላለፈው የመዝሪያ ጊዜ መመሪያ፣ ከመድረሱ በፊት መቶ በመቶ ተግባራዊ ሆኗል።»

አዳራሹ አጨበጨበ።